ሁለተኛው ጎማ

የቆመ መኪና ያየ ሰው ሁሉ እግሩን ያሳክከዋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ መኪና ቀርቶ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ወደ ጎማው ጠጋ ይልና በጫማው ጫፍ መታ ያደርገዋል። ከዚያ እንደ ሐኪም ቅንድቡን ሰብስቦ «ትንሽ ንፋስ ይፈልጋል» ይላል። «በቅቶታል» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በእኛ አገር በሰው ጎማ ላይ ንፋስ መጨመር እንደ ምርቃት ነው፤ ከመራቂው ኪስ የሚወጣ ነገር የለም።

መኪናው ተሳቢ የሚጎትት ከሆነማ መካሪው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ኖሬበታለሁና እኔም ምክሬን ላዋጣ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ነው። ተሳቢው ሸክሙን የሚጥለው በመኪናው ጀርባ ላይ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኞቹ ጠንከር ይበሉ። የተሳቢው ግራና ቀኝ ጎማ ደግሞ እኩያ ይሁን። ይህችን የመጨረሻዋን መናገር ቀላል ነው። እኔን ግን አንድ ቀን ቡሬ ላይ አንገቴን አስደፍታኛለች።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ፍኖተ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። ስለ ልጅነቴ ብዙ አልናገርም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። እናትና አባታችን ቶሎ አለፉ፤ ሁለት እኅቶቼን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ቡሬ የእህል ገበያ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ይኸው ነው።

አለቃዬ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉን መኪና ሰጠኝና ከቡሬ ወረድ ብሎ ላለ የገጠር ቀበሌ የወፍጮ ሞተር በተሳቢ ጎትቼ እንዳደርስ አዘዘኝ። «ሞተሩ ከወደቀ አንተም ከሥራው ወድቀሃል» አለኝ። ቀልድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የቀበሌው ገበሬዎች ወፍጮውን ተቀብለው እንዲያመጡ የላኳቸው አያ ቢተው ከጎኔ ተቀመጡ። በእሳቸው አገር ሴቶች እህል ለማስፈጨት ግማሽ ቀን ይጓዙ ነበር። ከመነሳታችን በፊት አያ ቢተው ጎንበስ ብለው፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው፣ የተሳቢውን ጎማዎች ጥርስ አዩ። «ገና ውርንጭላ ናቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥርሳቸው አልተበላም። ነገር ግን ተሳቢው ዓመታት ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለኖረ የጎማዎቹ ጎን ውስጥ ውስጡን ደርቆ ኖሯል። ቡሬ ልንገባ ስንል የግራው ጧ ብሎ ፈነዳ። ተሳቢው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ እንደ ምንም አቆምኩት። ሞተሩ አልወደቀም።

የመኪናዬ መለዋወጫ ጎማ ለተሳቢው አይሆንም፤ የብሎን ቀዳዳው ይለያያል። ተሳቢው የተሠራው ከአሮጌ ፒካፕ አክስል ስለነበር የሚገጥምለት የፒካፕ ጎማ ብቻ ነው። አያ ቢተው ወርደው ወደ ገበያው ሄዱ። ሲመለሱ ግማሽ ቡሬ ጎማ እያንከባለለ ተከትሏቸዋል። አንዱ ከጋሪው ፈትቶ አመጣ። አንዱ ሥጋ ቤት በር ላይ መቀመጫ የነበረውን አመጣ። አንዲት ሴት ደግሞ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አስነስታ ጎጆዋን ይዛልኝ መጣች። አንዱም አልገጠመም። ሁሉንም አመስግኜ መለስኩ፤ አመስግኖ መመለስ ከመቀበል ይከብዳል።

በመጨረሻ እትዬ ዘሐራ መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ድሮ ጆንያ ከተሸከምኩላቸው አንዷ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ፒካፓቸው በግቢያቸው ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆማለች። ይሽጧት ያላቸውን ሁሉ አባረዋል።

«ያ ዝምተኛው ነህ አይደል?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ዛሬም አልተሻለህም ማለት ነው። ና ተከተለኝ።»

የፒካፗ ጎማዎች ተፈትተው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር በጆንያ ተሸፍነዋል። አንዱን አንከባለው ሰጡኝ። ጎኑን ዳሰስኩት፤ ስንጥቅ የለውም። ቀዳዳውም ልክ ነው።

ጭንቀቱ የመጣው አሁን ነው። በግራ ደኅና ጎማ፣ በቀኝ የደረቀ ጎማ አስሬ የገጠሩን ቁልቁለት ብወርድ ቀኙም እንደ ወንድሙ ይፈነዳል። ሁለት ያስፈልገኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከሰው ጠይቄ አላውቅም። በራበኝ ቀን እንኳ ጆንያ ጨምሩልኝ እንጂ እንጀራ ጨምሩልኝ አላልኩም። ስንዝር ሲሰጡት ክንድ የሚጠይቅ ሰው መባል ሞት መሰለኝ። አንዱን ጎማ ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ።

ተከትለውን መጥተው በሩ ላይ የቆሙት አያ ቢተው ፊቴን አዩት። «ምነው ልጄ፣ አልገጠመም?»

«ገጥሟል።»

«ታዲያ ምን ቀብር የሚሄድ ሰው አስመሰለህ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

እኅቶቼን አሰብኩ። ተመለስኩ።

«እትዬ፣ ሁለተኛውንም ይስጡኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አንድ እግር ጫማ ሰጥቼ የምሰድህ መስሎህ ነው?» አሉ እትዬ ዘሐራ። «እስክትጠይቀኝ ነው ቆሜ የማይህ! ያን ጊዜም ምሳ በልተሃል ወይ ስልህ በልቻለሁ ትለኝ ነበር። ሆድህ ሲጮህ እስከ መስጊዱ ይሰማ ነበር!»

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አያ ቢተውማ ዱላቸውን ተደግፈው ነው የሳቁት። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ የመጣው ከሳቁ ነው ብላችሁ እለፉት።

ሁለቱንም አሰርን፣ እኩል ንፋስ ሞላንባቸው። በቁልቁለቱ ተሳቢው እንደ ለማዳ በግ ተከተለኝ። ሞተሩ ደኅና ገባ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አለቃዬ ምንም አላለም፤ ከእሱ አፍ ይህ ሹመት ነው። ብዙም ሳይቆይ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ።

ጎማዎቹን ልመልስ ቡሬ ስሄድ እትዬ ዘሐራ አልቀበልም አሉ። «ባለቤቴ ጎማ ቆሞ ሲያረጅ ማየት አይወድም ነበር። እዚያው ተሳቢው ላይ ይሥሩ» አሉኝ። አመስግኜ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«አንተ፣ ሁለት ቀርተዋል እኮ። እነሱንስ መቼ ነው የምትጠይቀኝ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው ለተሳቢው መለዋወጫ ይሆናል። አራተኛው ለምን እንደሚያስፈልገኝ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሁለቱንም ጠየቅኋቸው።