የተገዘተችው ቃል

እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ «ከአንዲት ቃል በቀር» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። እስኪ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ወደ ማብቂያው ግድም። ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምር ነበር። ባሕር ማዶ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብዬ አመለከትኩ። እሺ አሉኝ፤ ግን አዲስ አበባ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ መግቢያ ፈተና መጀመሪያ እለፍ አሉ። የዕድሜ ገደብም ነበረው፤ ለእኔ ያ ዓመት የመጨረሻው ነው። ካለፍኩ እሄዳለሁ፤ ከወደቅኩ ዕድሜ ልኬን እዚያው ጠመኔ እንዳራገፍኩ መቅረቴ ነው።

ለፈተናው የሚያዘጋጅ የቃላት መጽሐፍ ተዋስኩ። እስከዚያ ቀን እንግሊዝኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉን ስገልጥ ደርቄ ቀረሁ። አንዱን ቃል ይዤ አብሮን ወደሚያስተምር አሜሪካዊ ሄድኩ። አየው፤ ደግሞ አየው። ይህን ቃል እኔም እናቴም ተናግረነው አናውቅም፣ ለመሆኑ ማን ነው የሚናገረው ብሎ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ። እንግዲህ ባለቤቱ የማያውቀውን እኔ ጮቄ ሥር ካለችው ከሮብ ገበያ የመጣሁት ልጅ ላውቀው ነው።

ታዲያ በምን ይጠና? እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ዳዊት የደገምኩት የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ዝም ብሎ በዓይን መማር እንዳለ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የተከራየሁበት ቤት ጓሮ እገባና ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ፣ ቃሉን ከነትርጉሙ በዜማ አወርደው ጀመር። አልያዝ ያለኝን ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፍና አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ፣ ትራሴ ሥር፣ በሩ ጉበን ላይ እሰካዋለሁ።

አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ደግ ሴት ናቸው። እርጎ ሲኖር ለእኔ ሳያስቀምጡ አይቀሩም። እሳቸው ምን አዩ? ተከራያቸው በየቀኑ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ እየተወዛወዘ፣ በማይታወቅ ቋንቋ ይደግማል። ትራሱን ሲያነሱት የታጠፈ ወረቀት ይወድቃል፣ ልክ ክታብ። እንዴት ዋልክ ሲሉኝም አንዳንዴ ሳላውቀው በእንግሊዝኛ እመልስላቸው ነበር አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? በእኛ አገር ዛፍ ሥር የሚለፈልፍ ሰው ወይ ደጋሚ ነው ወይ ተደግሞበታል። እትዬ ጥሩነሽ ስለሚወዱኝ ሁለተኛውን መረጡልኝ።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ንጋት በሚወጣው አውቶቡስ ቦታ አስይዣለሁ። ማክሰኞ ማለዳ በር ተንኳኳ። ስከፍተው አጎቴ አያ ደሴ ከሁለት ጎረምሳ ልጆቻቸው ጋር ቆመዋል፤ በቅሎ ይዘዋል። ማን ሞተ አልኳቸው። ማንም አልሞተም፣ ተነስ እንሂድ አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከኋላቸው እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። በገበያተኛ መልእክት የላኩባቸው እሳቸው ናቸው። ነገሩ ሲገባኝ ክው አልኩ። ኧረ አያ፣ እኔ ፈተና አለብኝ አልኳቸው። እሱን እኮ ነው የምንለው፣ አይዞህ፣ በሰባት ቀን ጠበል ይለቅሃል አሉኝ።

ለምን እምቢ አላልክም ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ አያ ደሴ ናቸው። በዕድሜዬ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። ደግሞም የጎረምሶቹን ክንድ አላያችሁትም።

ረቡዕ ማለዳ ከጮቄ የሚወርደው ጠበል ሥር ቆምኩ። ያ ውሃ አጥንት ድረስ ይገባል። መምሬ ይሁን የሚባሉት አጥማቂ መስቀላቸውን ይዘው፣ ማነህ አሉኝ። አስተማሪ ነኝ አባ፣ ጤነኛ ነኝ አልኩ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አሉና ውሃ አስጨመሩልኝ። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ይጨመርልኛል። ዝም ስል ደግሞ ለጎመ ተባለ፤ እሱ ጭራሽ የባሰ ነው።

አውቶቡሱ ታየኝ። እየተንቀጠቀጥኩ አሰብኩ፤ ከዚህ ሰው ሆኜ አልወጣም፣ የምወጣው ሰይጣን ሆኜ ነው። ሰይጣን ደግሞ ስም ያስፈልገዋል። ያገሩን ሰይጣን ስም ብጠራ፣ የማን ነህ፣ ማን ላከህ ይመጣል፤ አንዲት ምስኪን ጎረቤት በእኔ ዳፋ ስሟ ሊጠፋ ነው። እሱን አላደርገውም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን አልያዝ ብሎ ሲያስቸግረኝ የነበረውን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ሰዉ ሁሉ አማተበ። መምሬ ይሁን ራሳቸው ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። ስንቱን ሲያስወጡ ኖረው እንዲህ ያለ ስም ሰምተው አያውቁም። ከየት መጣህ አሉኝ። ከባሕር ማዶ አልኩ፤ ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ትለቃለህ? እለቃለሁ። ትመለሳለህ? አልመለስም። በዚህ ጊዜ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉና ቃሉን አንዲት ድምፅ ሳያዛንፉ ጠርተው ገዘቱት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። አንተም ልጄ፣ ይህን ስም ከእንግዲህ በአፍህ እንዳትጠራው፣ በእጅህም እንዳትነካው ገዝቼሃለሁ አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል? እልልታው ቀለጠ። አያ ደሴ አቅፈው ሳሙኝ። በዚያው በቅሎ ተመልሼ ሐሙስ ንጋት እያሳልኩ አውቶቡሱ ላይ ነበርኩ።

ቅዳሜ ፈተናው ላይ ቃላቱ እንደ ዳዊት ይወርዱልኝ ጀመር። ደስ ብሎኝ ገጽ ስገልጥ ያ ቃል ከምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሏል። መልሱ እሱ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ የጠራሁትን እንዴት እረሳዋለሁ? እርሳሴን አስጠጋሁ። እጄ አልሄድ አለኝ። አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም ወይ፣ ይህ እኮ ቃል ነው አልኩት ራሴን። ግዝት ግን ግዝት ነው። ሳልነካው አለፍኩ።

ውጤቱ መጣ። ለማለፍ የጎደለኝ ስንት ይመስላችኋል? አንድ ጥያቄ። ወረቀቱን እንደያዝኩ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕር ማዶ በዚያው ቀረ።

በበዓል ሮብ ገበያ ስሄድ መምሬ ይሁንን ጠበሉ አጠገብ አገኘኋቸውና እውነቱን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከእኔ ብሰው ደነገጡ። ምነው ልጄ፣ ሰው ልከህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ግዝት እኮ ይፈታል፣ ና አሁኑኑ ልፍታልህ አሉና መስቀላቸውን አወጡ።

ልጠጋ አልኩ። ከዚያ ከጎናቸው የሚወርደውን ውሃ አየሁት። ቢፈታና ያ ሰይጣን እውነት ተመልሶ ቢመጣስ ብዬ አሰብኩ። የታሪክ አስተማሪው እኔ ነኝ እንዲህ ያሰብኩት። ይቅር አባ፣ እንዳለ ይሁን አልኳቸውና መስቀሉን ተሳልሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስለዚህ ቃሉን አልጠራላችሁም፤ አትልፉ። ትርጉሙን ግን ለመናገር አልተገዘትኩም። ፈሪ ማለት ነው።