አራተኛው ስም

የበረዶ ሆኪ በሚወደድበት ከተማ ሁሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲመሰገን ገላውን የሚበላው ሰው አይጠፋም። በእናንተም ሰፈር አለ፤ ፈልጉት። የኛው፣ የቶርን ሌኩ፣ ክቡር አቶ ኦርቪል ፒድስካልኒ ነው፦ ጡረታ የወጣ የስንዴ ገበሬ፣ የተኩላዎቹ ቡድን የዕድሜ ልክ ማይክ ያዥ፣ ጎል በገባ ቁጥር አዳራሹን የሚያናውጥ ታላቅ ሰው። እኔ ቨርና አጠገቡ ተቀምጬ የሰዓት ሰሌዳውን እቆጣጠራለሁ። በግራ ጆሮዬ ስሰማው ዓመታት አልፈዋል። ቀኙ እስካሁን ደህና ነው።

"እሱስ ይሁን፤ ማን አቀበለው?" ይህች ናት የአቶ ኦርቪል ቃል። ሆኪ ላይ ብቻ ብትቀር ደግ ነበር። የሰፈራችን ዶሪስ በመኸር በዓሉ የፖም ፓይ መጋገር ውድድር ስታሸንፍ፣ ሁላችንም ለእሷ ስናጨበጭብ እሱ ፖሙን የላጠችላትን እህቷን ፍለጋ ሕዝቡን እየገፋ ሄደ። የሐሞት ጠጠር ሲወጣለት ለሐኪሙ "እግዜር ይስጥልኝ" አለና፣ ቸኮሌቱን ግን የሰጠው ሐኪሙ የመጣበትን መንገድ ከበረዶ ለጠረገው ሹፌር ነው። በእህቴ ልጅ ሠርግ ደግሞ ተነሥቶ ብርጭቆውን ለትራክተር አነሣ።

"ያ ትራክተር እመንገድ ላይ ባይበላሽ እነዚህ ሁለቱ የት ይተዋወቁ ነበር?" አለ፤ ዕንባውም መጣ። እኛም ለትራክተሩ ጠጣን። ምን እናድርግ!

በሆኪ ሕግ ጎል ሲገባ በማይክ የሚጠራው ሦስት ስም ነው፦ ያገባው፣ ለእሱ ያቀበለው፣ ላቀበለው ያቀበለው። ከዚያ ወዲያ ዝም። አቶ ኦርቪል ግን አራተኛ ስም ሳይጨምር ውሎ አያውቅም፤ አራተኛውም ሁልጊዜ ኒል ነው።

ኒልን ላስተዋውቃችሁ። ወተት አመላላሽ ነው፤ ጀርባው የጎተራ በር ያህላል። አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው አብረው ገብተው አብረው ሲወጡ፣ ኒል ከኮከባችን ከትሬቨር ጋር ነው የሚገባው። ትሬቨርን ማን ያጣዋል? ፎቶው ነዳጅ ማደያው መስኮት ላይ ተለጥፏል፤ በጎል ብዛት የአካባቢውን ተጫዋቾች ሁሉ ይመራል። ኒል ግን ሥራው ሜዳው ጥግ ገብቶ፣ ሁለት ሰው ከአጥሩ ጋር እያላተመው ፓኳን፣ ያቺን የምትመታ ጥቁር የጎማ ክብ፣ ማውጣት ነው። ከዚያ በረኛው ፊት ሄዶ ይገተራል። ዱላው፣ ክርኑ፣ ስድቡ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

"ቨርናዬ፣ አሁን በረኛው ጎሉ ሲገባ ምን እንዳየ ታውቂያለሽ?"

"ምን አየ?"

"የኒልን ቂጥ! ሌላ ምንም አላየም!"

"አንተ ሰውዬ፣ ማይኩ ክፍት ነው!"

ዘንድሮ አሠልጣኙ ኒልን ወንበር ላይ አስቀምጦ በቦታው እንደ ጥይት የሚፈተለክ ልጅ አስገባ። ልጁ ያምራል፤ ሲዞር ያምራል፣ ሲቆም ያምራል። ጥግ ግን አይገባም። ትሬቨርም ጎል እምቢ አለው። ያው ትሬቨር፣ ያው ዱላ፣ ያው ምት፤ በረኛው ግን አሁን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። ከተማው ሁሉ ለትሬቨር መድኃኒት እንዳዞሩበት ሰው ሲያዝንለት አቶ ኦርቪል በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ያልገቡ ጎሎችን በማይክ ማወጅ ጀመረ።

"ትሬቨር ሳተ! በረኛውን ያልጋረደው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ኒል!"

የክለቡ ሊቀመንበር ሎርና ከሜዳው በላይ ወዳለችው ክፍላችን ወጣች። የሰዓት ሰሌዳውን እያየሁ ያልሰማሁ መሰልኩ።

"ጋሽ ኦርቪል፣ እወድዎታለሁ። ግን ሕጉ ሦስት ስም ነው። ከእንግዲህ አንድ ስም ቢጨምሩ ማይኩን ያስረክባሉ።"

አቶ ኦርቪል ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱ አይሪን ከሞተች ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ከቤት የሚያስወጣው ያ ማይክ ብቻ እንደሆነ ሎርናም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከጎረቤቶቻችን ጋር ነበር። ካላሸነፍን ወደ ዋንጫው ዙር አናልፍም። እኩል ለእኩል ነን፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው። አሠልጣኙ ኩራቱን ዋጥ አደረገና ኒልን ላከው። ኒል ጥግ ገባ። ከአጥሩ ጋር ሲላተም የተሰማው ድምፅ የእኔን ጥርስ አንቀጫቀጨ። ፓኳን ለቡድን ጓደኛው ለኮሊን አውጥቶ በረኛው ፊት ተገተረ። ኮሊን ለሮይ፣ ሮይ ለትሬቨር፣ ትሬቨር መታ። ጎል! አዳራሹ አበደ፤ እኔም ወንበሬ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

አቶ ኦርቪል ማይኩን አነሣ። "ያገባው ትሬቨር! ያቀበሉት ሮይ እና ኮሊን!" አለ። ከዚያ አፉን ገጠመ። ጆሮዎቹ ቀሉ። ከታች ኒል አፉን እየጠረገ ከበረዶው ተነሣና ወደኛ ቀና አለ፤ ሁሌም ስሙ ሲጠራ እንደሚያደርገው። አቶ ኦርቪል አቀረቀረ።

ይህን ሰው ዝም በል እያልኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ዝም ሲል ማየት ግን አልቻልኩም። ለካ እንዲህ እወደው ኖሯል! ማይኩን ነጠቅኩት።

"ኒልም አለ!" ብዬ ጮኽኩ። "ፓኳን ከጥግ ያወጣት ኒል ነው! በረኛውን የጋረደው ኒል ነው! ወተታችሁንም የሚያመጣላችሁ ኒል ነው!"

ኒል በዱላው ሰላምታ ሰጠኝ። ሎርና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

"ማነው የተናገረው?"

"እኔ ነኝ" አለ አቶ ኦርቪል ፈጠን ብሎ።

"በሴት ድምፅ?"

"ብርድ መቶኝ ነው።"

ሎርና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። የእሱን ማይክ፣ የእኔንም የሰዓት ሰሌዳ ተረከበች።

አሸንፈን ወደ ዋንጫው ዙር አለፍን፤ እኛ ሁለታችን ግን አሁን ከሕዝቡ ጋር ነው የምንቀመጠው። ማይክ የለ፣ ሕግ የለ፤ ስለዚህ አቶ ኦርቪል የሚያቆመው ጠፍቷል። ከኒል ይጀምርና ወደ ዱላ አናጢው፣ ከዚያ በረዶውን ወዳለሰለሰው ሰው ያልፋል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፁ ይዘጋል። እኔም ከቤት ያመጣሁትን ትኩስ የማር ሻይ እቀዳለታለሁ።

"ጠጣ" እለዋለሁ፣ "ጨዋታው ገና አላለቀም።"