የሎረል ሂል ዋስ

እስቲ ስለ ጃማይካ ጠይቁኝ። አትፍሩ፣ ጠይቁኝ! ሄጄባት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ባሕርም በዓይኔ አላየሁም። ግን ሎረል ሂል የምትባለውን አንዲት የገጠር ወረዳዋን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ። ወንዟን፣ ዳገቷን፣ ሕዝቧ ምን ዘርቶ ምን እንደሚሸጥ፣ ከየት መጥቶ እንዴት እንደሰፈረ ልነግራችሁ እችላለሁ። ጥርሴን የነቀልኩባትን ጉለሌን እንኳ እንዲህ አጥንቻት አላውቅም።

እንዴት አወቅሃት ትሉኝ ይሆናል። ዋስ ሆኜ ነዋ! ሰው ለባለዕዳ ዋስ ይሆናል፣ ለእስረኛ ዋስ ይሆናል። እኔ ለአንድ አገር ዋስ ሆኛለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ራሴን ባላመሰግን ማን ያመሰግነኛል? ከሱቄ ፊት ለፊት ሚስተር ሲሪል የሚባል አናጢ ነበር። ስድሳን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔም የጠቆረ ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው «ጥቁር ፈረንጅ» ይለዋል። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ አንቱታውን ያስተወኝ ራሱ ነው። «አንቱ ስትለኝ የሞትኩ ይመስለኛል» አለኝ። አብረውት ከጃማይካ የመጡት መሬት ፍለጋ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ እሱ እንጨት ያለበት ይሻለኛል ብሎ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ቀረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። መጋዝ፣ መዶሻና ከጆሮው ላይ የማትወርድ አንዲት እርሳስ ነበረችው።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ ሞተና አስከሬኑ በደጃችን አለፈ። የተሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከኋላ የሚከተል የለም። ጡሩምባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ። ሚስተር ሲሪል መጋዙን አቁሞ፣ አስከሬኑ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ተመለከተ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ሰዎቹ የት አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ሟቹ እድር ስላልነበረው ነው አልኩት። እድር ምን እንደሆነም አስረዳሁት፤ ጎረቤት ተሰባስቦ እንደሚቀብር፣ ለቅሶ እንደሚቀመጥ፣ መርዶ እንደሚልክ። አስከሬኑ ወደሄደበት መንገድ ዞር ብሎ አየና፣

«እኔ ስሞትስ አራት ሰው ይገኛል?» አለኝ።

በልቤ ልቆጥርለት ሞከርኩ። ራሴን ጨምሬ ሦስት ላይ ቆምኩ።

«እድራችን ትገባለህ» አልኩት። ማንን አስፈቅጄ ነው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው።

የእኛ እድር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገባበት አልነበረም። ዳኛው ባላምባራስ ደምሴ ነበሩ። ከአገራቸው ከመንዝ ያስመጡትን ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና በግንቦት ሐሩር እንኳ ከትከሻቸው አያወርዱም፤ ከደንቡም ንቅንቅ አይሉም። ደንቡ ደግሞ አዲስ የሚገባ ሰው አገሩን የሚያውቅ ዋስ ያቅርብ ይላል። ለምን ቢባል፣ አባል ሲሞት መርዶው አገሩ ድረስ ይሄዳላ! መንገዱ ወደማይታወቅ አገር መርዶ በየት በኩል ይላካል? መርዶው ሳይደርስ የቀረ ሟች ለእድሩ ውርደት ነው። ይኼ እንግዲህ እዚህ ከተማ ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ «አገርዎ የት ነው?» የሚባልበት ምክንያትም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ሁላችንም መርዶ እያደላደልን ይሆናል።

ባላምባራስን ደጅ ጠናኋቸው። «አገሩን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመስክር፤ አለበለዚያ አይሆንም» አሉ። ጉባኤው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጉለሌ ውስጥ ጃማይካን የሚያውቅ ማን አለ? ሚስተር ሲሪል ብቻ። ሰው ደግሞ ለራሱ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ አዋቂ መፈጠር ነበረበት። የተፈጠርኩት እኔ ነኝ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ እሱ ዘንድ እሄድ ጀመር። የእሱ አማርኛ ሳንቃ ለመግዛት የምትበቃ፣ የእኔ እንግሊዝኛ ሱሪ ለመለካት የምትበቃ ነበረች። ሁለቱን ገጣጥመን ተግባባን። በትልቅ ሳንቃ ላይ በእርሳሱ እየሣለ ያስተምረኛል። ታሪኩን እንዲህ አለኝ። የአያት ቅድመ አያቶቹን ከአፍሪካ በመርከብ ጭነው አመጧቸው፤ ሸጧቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ኖሩ። በኋላ ነጻ ወጡ። ነጻ ሲወጡ ግን ሜዳውም የጌቶች፣ አገዳውም የጌቶች ነው። ወዴት ይሂዱ? ወደ ላይ! ዳገቱን ማን ይፈልገዋል? አንድ ቄስ ኮረብታውን ገዝቶ አካፈላቸውና ሎረል ሂል ተቆረቆረች። ሜዳው የጌታ፣ ዳገቱ የድሃ።

«ይኼማ ጉለሌ ነው!» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ስንስቅ ቆይተን እሱ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁና የእኔም ሳቅ እዚያው ቆመ።

የሕዝቡ መተዳደሪያ ሙዝ፣ ዝንጅብልና ቡና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ በራሳቸው ተሸክመው፣ አህያ ያላቸው በአህያ ጭነው፣ ወደቡ ዳር ወዳለው ገበያ ይወርዳሉ። ወንዶቹስ ምን ይሠራሉ ብዬ ጠየቅሁ። «ስለ ዋጋው ይማረራሉ» አለኝ። በየጊዜው ደግሞ አውሎ ነፋስ ይመጣና ጣራውን ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህ በሎረል ሂል አናጢ አይራብም። እኔ ይኼን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ታዲያ እሱ ስለ አገሩ ነግሮኝ ሲጨርስ ሁልጊዜ «ያንተስ አገር?» ይለኛል። ጣጣው የመጣው በዚህ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ወጥቶ ጉለሌ ገባ፤ ስለ አገሩ አንድም ነገር ሳያወራኝ ሞተ። እኔም ሄጄ አላየሁት። ስለ መንዝ የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ብርድና በግ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰውየው ወደብ፣ ጀልባ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን እያለ ሲዘረዝር፣ እኔ «ብርድና በግ» ልበል? ያገር ክብር የሚባል ነገር የለም?

«መንዝማ...» ብዬ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን በጀልባ የሚሻገሩት ወንዝ አፈሰስኩበት። በማግሥቱ ወንዙ ዳር ሙዝ ተከልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ብርቱካን ደረሰ። ብርዱንም አነሳሁላቸው፤ ለአባቴ አገር ሰው ይኼ ያንሳል? ሚስተር ሲሪል የምለውን ሁሉ በሳንቃው ጀርባ ይጽፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ስለ ሳንቃ ግን ማንም ያስጠነቀቀኝ የለም።

የጉባኤው ዕለት ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሚስተር ሲሪል ያቺን ሳንቃ በብብቱ ይዞ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ብረሳ ሊያስታውሰኝ ነው። እኔ ግን ምን እረሳለሁ? ባላምባራስ ሕዝቡ ከየት የመጣ ነው ሲሉኝ ከመርከቡ ጀምሬ ዳገቱ ላይ አወጣኋቸው። ሰው እንደ ከብት ተሸጠ ያልኩ ጊዜ አንዲት ባልቴት «እግዚኦ!» አሉ።

ቀጥሎ አቶ ጉርሙ ተነሱ። አቶ ጉርሙ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ከሱሉልታ በኩል የመጡ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም መርዶ የሚያረዱ፣ እግራቸው ድካም የማያውቅ ሰው ነበሩ።

«መርዶውን የማደርሰው እኔ ነኝ» አሉ። «በየት በኩል ነው የምሄደው?»

«በባቡር እስከ ጅቡቲ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከዚያ በመርከብ ነው። ባሕሩ ሲያልቅ ሌላ ባሕር አለ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ይወርዳሉ። ከወደቡ ወጥተው አገዳውን በቀኝዎ ይዘው ሲሄዱ ድልድይ ያገኛሉ። በጥቅምት ከሆነ ወንዙ ይሞላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ተጠልለው ያሳልፉት። ዳገቱን ሲወጡ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሚስ አይቪ ብለው ይጠይቁ። ታላቅ እህቱ ናት።»

«ሄጄ ባጣትስ?»

«ቅዳሜ ከሆነ ገበያ ወርዳለች። በሌላው ቀን አያጧትም።»

አቶ ጉርሙ ነገሩ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ «ውሻ አላት?» አሉ።

ይኼን አላጠናሁም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሸንኮራ ስጠይቅ ስለ ውሻ ማን አስቦ! ቀና ስል ሚስተር ሲሪል ከኋላ ሁለት ጣቱን አውጥቷል። «ሁለት አላት፤ ግን ታስረው ነው የሚውሉት» አልኩ። መታሰራቸውን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ይኼን ሁሉ ባሕር የሚሻገር ሽማግሌ ማበረታታት አያስፈልግም?

በመጨረሻ ባላምባራስ፣ «ለቅሶስ ያውቃሉ?» አሉ።

«ዘጠኝ ቀን ይቀመጣሉ።»

«ዘጠኝ!» አለ ጉባኤው። እኛ ሦስት ቀን ተቀምጠን ነው የምንኮራው። ባላምባራስ ሌላ ነገር አልጠየቁም። «ይግባ!» አሉ። ባልቴቷ እልል አሉ። ሚስተር ሲሪል ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ካፖርት ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያች ዕለት ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

«እኔ አለኝ» አሉ አቶ ጉርሙ። «ያንተን መርዶ ወዴት ነው የምወስደው?»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። እድሩን የወረስኩት ደንቡ ሳይወጣ ከገባው ከአባቴ ነውና ከስሜ ከጌታቸው አጠገብ የአገር ቦታው ባዶ ነው። «መንዝ» አልኩ። ባላምባራስ ያገራቸው ልጅ በማግኘታቸው ፊታቸው በራ። «መንዝ ሰፊ ነው፤ ከየትኛው በኩል? ወንዙ ማን ይባላል? ወገኖችህ እነማን ናቸው?» አሉኝ። የጃማይካን ጠመዝማዛ የቆጠርኩ ሰው የአባቴን ደጅ አላውቀውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኼኔ ሚስተር ሲሪል ብድግ አለ። «እኔ ዋስ ነኝ!» አለ። «አገሩን አውቃለሁ።» ሳንቃውን ገለበጠና እየጮኸ አነበበ። «ትልቅ ወንዝ አለ። ጀልባ አለ። ሙዝ አለ። ብርቱካን አለ፣ ብዙ። ብርድ የለም።»

ባላምባራስ ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ብርድ የለም?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያማ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ለማደር እንኳ ፋታ አልሰጠኝም።

ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም። «ጌታቸው፣ ይኼ የነገርከው አገር መንዝ አይደለም፤ የሱው አገር ነው» አሉኝ። «ደንባችን መርዶ ወደሚታወቅ አገር ይላካል ይላል። አንተ የምታውቀው አገር ደግሞ አንድ ነው። ጸሐፊ፣ ጻፍ። የጌታቸው መርዶ ወደ ሎረል ሂል፣ ለሚስ አይቪ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጸሐፊው ጻፈው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስተር ሲሪል ለምን እንደሳቁ ጠየቀኝ። እያፈርኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብርቱካኑን፣ ጀልባውን፣ የአባቴን ዝምታ። ይቀየመኛል ብዬ ነበር። ጥቂት ከሄደ በኋላ፣ «እኔም ከሎረል ሂል ወጥቼ ከተማ ከገባሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አለኝ። «ድልድዩ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። አቶ ጉርሙ ጡሩምባቸውን ከቀጨኔ እስከ እንጦጦ ግርጌ ነፉት። አራት ሰው ይገኛል ወይ ብሎ ለነበረው ሰው ጉለሌ ነቅሎ ወጣለት፤ ቃሬዛውን ለመሸከም ተራ ሲጠበቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለክብሩ ብለን ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። አቶ ጉርሙ ስንቃቸውን ቋጥረው ለመነሳት ተዘጋጅተው ነበር፤ መርዶው በደብዳቤ ይሁን ብለን በስንት ልመና አስቀረናቸው።

ከወራት በኋላ ከሚስ አይቪ መልስ መጣ። የሰፈራችን አስተማሪ አነበበልኝ። ዘጠኙን ቀን እነሱም ተቀምጠዋል፤ ደወል አስደውላለች። መልእክተኛችን በድልድዩ በኩል እንዳይመጣ ታስጠነቅቃለች፤ ድልድዩ ከፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ውሾቹም ሞተዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉ ሰዎች ሚስ አይቪን አያውቋትም እያልኩ እንባዬን ስጠርግ፣ አስተማሪው ቆም ብሎ አየኝና የመጨረሻውን አነበበው፦

«የእርስዎ መርዶ ለእኔ እንደተመደበ ሲሪል ጽፎልኝ ነበር። በደስታ ተቀብያለሁ። ብቻ ሰማንያ ሊሞላኝ ነውና፣ እባክዎ ብዙ አያስጠብቁኝ።»