ሊቀ ቱቦ ሊንዚ እና ክፍቱ ኮፈን

ከአፍንጫዬ እስከ ዛሬ ያልወጣ አንድ ሽታ አለ፤ የጋለ የሞተር ዘይትና የአዲስ ጎማ ሽታ፣ ትንሽ የበግ በጠጥ የተቀላቀለበት። ሽታው በመጣ ቁጥር ድምፁም ተከትሎት ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ የሃንጋሩን፣ የአውሮፕላን መጠለያውን፣ ጣራ ማሞቅ ስትጀምር ቆርቆሮው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ለራሱ ያፏጫል።

ሰው በገዛ እጁ አውሮፕላን በሚሠራበት በማናቸውም የምድር ማዕዘን ይህ ሰው አይታጣም። ክንፉን ሠርቷል፤ ጅራቱን ገጥሟል፤ ቀለሙን ቀብቶ ጨርሷል፤ አይበርም እንጂ። ለምን እንደማይበር የጠየቀው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ትንሽ ነገር ቀርታኛለች።» ይህች ትንሽ ነገር ከመላው አውሮፕላን የበለጠ ዕድሜ ትበላለች። መንግሥት ይለወጣል፣ ልጆች አድገው ይዳራሉ፣ የጎረቤት ውሻ አርጅቶ ይሞታል፤ ትንሿ ነገር ግን እንደቀረች ትኖራለች።

በእኛ በኮንዳራ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሊቀ ቱቦ ሊንዚ ትሪዋርታ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራቸው ባይኖርም ይገባቸዋል። የቀረቻቸው ትንሽ ነገር ሁለት የጎማ ቱቦዎች ነበሩ። አንደኛው የጋለውን ዘይት ከሞተሩ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል፤ ሁለተኛው የቀዘቀዘውን ይመልሳል። ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ቢለኩ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት አይበልጡም። ሊቀ ቱቦ እነርሱን ለማሳለፍ በፈጁት ዘመን ግን ሌላው ሰው የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ያስመርቅ ነበር።

ለነገሩ ሥራው ቀላል አይደለም። የአውሮፕላን ሞተር ቤት ጠባብ ጓዳ ነው። ቱቦው ጭስ ማውጫውን ከተጠጋ ይቀቀላል፤ ሞተሩን የተሸከሙትን የብረት እግሮች ከነካ፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ መጋዝ ይበሉታል፤ አለቅጥ ከታጠፈ ይታነቃል፤ አለቅጥ ከተወጠረ ይነቀላል። ዘይት ሰማይ ላይ የፈሰሰበት ሰው ደግሞ ዳር ይዞ መቆም አይችልም።

ስለዚህም በሜዳችን አንድ ሥርዓት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሃንጋሮቹን ረድፍ ተከትለን እንሄዳለን፤ ኮፈኑ የተከፈተ አውሮፕላን ካየን አናልፍም። በመጀመሪያ ሁለቱ እጆች ወደ ኋላ ይጣመራሉ፤ የሰው አውሮፕላን አይነካምና። ቀጥሎ ጎንበስ ይባላል። ቀጥሎ በጥርስ መካከል አየር ይሳባል፣ ስስስ ተብሎ። በመጨረሻም «እኔ ብሆን እዚያ ጋ አላሳልፈውም ነበር» ይባላል። ይህን ሳይል የሚያልፍ ሰው በኮንዳራ አልተወለደም። ኮፈኑ የተዘጋ አውሮፕላን ግን የተዘጋ በር ማለት ነው፤ «አምሮበታል» ተብሎ ይታለፋል።

የሊቀ ቱቦ ኮፈን ተዘግቶ አያውቅም። ቱቧቸውም ሁልጊዜ አንድ እንከን ነበረው፤ እንከኑ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። የከብት ሐኪማችን ፈርገስ ዳሊ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል።

«ሊንዚ፣ ይኼ አንጀት ተጠማዟል።»

«የቱ ጋ?»

«ይኸው፣ ማቀዝቀዣው አፍ ላይ። ላም ብትሆን ኖሮ እስካሁን ቀብረሃታል።»

«ላም አትበርም።»

«ያንተስ መቼ በረረ?»

ሊቀ ቱቦ በዚህ አይቀየሙም። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ «ጉድ! እንዴት እስካሁን አላየሁትም! ቁጭ በል፣ ሻይ ልቅዳልህና ቀስ ብለህ አስረዳኝ» ይላሉ። ወንበር ሞልቷል። አንዱ ከትምህርት ቤት የተጣለ፣ አንዱ የዓሣ አጥማጅ ተጣጣፊ፣ አንዱ ከተሰበረ ትራክተር የተነቀለ፤ ሁሉም ግን ተወልውለው በመስመር ቆመዋል። ፈርገስ ቱቦው በግራ ይለፍ ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቱቦው በግራ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የክለባችን ሊቀ መንበር ግሌኒስ ፊትስነር ትመጣና በቀኝ ካልሆነ ትላለች። ሻይ ይቀዳል፤ ቱቦው ወደ ቀኝ ይዞራል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ በእኛ ሜዳ ግን ለአንድ ቱቦ መንደሩ ሁሉ መድኃኒት ነበር።

ጉዳዩ ሃንጋር ውስጥ ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። በክለቡ የጥብስ ቀን ሊቀ ቱቦ ያልተጠበሰውን ቋሊማ ከነሰንሰለቱ አንስተው፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳውን ሞተር አድርገው፣ የዳቦውን ሙልሙል ማቀዝቀዣ አድርገው ማስረዳት ጀመሩ። ቋሊማው ጣሳውን ሁለቴ ዞሮ ዳቦው ላይ ሲደርስ ግሌኒስ በመቆንጠጫዋ ጠረጴዛውን መታች።

«ሊንዚ፣ ቱቦህን ምጣዱ ላይ ጣልና ዞር በል። ሰው ተርቧል።»

«አንድ ደቂቃ፣ መታጠፊያው ላይ ደርሻለሁ።»

«መታጠፊያው ላይ የደረስከው እኔ ካገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው!»

እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ስሜ መርቪን ነው፤ ሃንጋሬ ከእርሳቸው ፊት ለፊት፣ ሙያዬ የጂኦግራፊ መምህርነት፣ ጡረተኛ። ወንዝ በየት ጀምሮ በየት እንደሚጎርፍ ለአንድ ትውልድ ያስተማረ ሰው ሁለት ቱቦ ያቅተዋል? እያልኩ ያለኝን ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን ነገሩ ከንክኖኝ ጠየቅኋቸው።

«ሊንዚ፣ ወተት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ ልክህን ቧንቧ ስትዘረጋ ኖረህ የለም እንዴ? ይቺ እንዴት አቃተችህ?»

«ወተት ሌላ፣ ዘይት ሌላ» አሉኝ።

መልሱ ጥልቅ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቤታቸው ከሜዳው ሩቅ ነው፤ የስንዴ ማሳው መካከል ለብቻው የተቀመጠ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ማን እንደሚያነጋግራቸው ጠይቄ አላውቅም። እርሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ፣ «ቤት ውስጥ ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያወራው፤ እሱም ያጉረመርማል እንጂ መልስ አይጠብቅም» ብለውኛል። በጣም ሳቅን። እኔ እንኳ ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ፍሪጄን አዳመጥኩት።

በጋው ሊያልቅ ሲል ግሌኒስ መጣች፤ በዚያች ቀን እጇን ወደ ኋላ አላጣመረችም።

«ሊንዚ፣ ስማኝ። ይኼ ማረፊያ ነው፣ ሙዚየም አይደለም። የሰደድ እሳት የምትቃኘው አውሮፕላን ፀሐይ ላይ ነው የምታድረው፣ ጥላ ትፈልጋለች። ፋሲካ ሳይደርስ ያንተ ካልበረረ በተጎታች ጭነህ ቤትህ ትወስደዋለህ።»

«ትንሽ ነገር እኮ ናት የቀረችኝ፣ ግሌኒስ።»

«አውቃለሁ። ባሌ በሕይወት እያለም እሷው ነበረች የቀረችህ።»

እኔ ከሊቀ ቱቦ አጠገብ ቆሜ ነበርና ዓይናቸው ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ። ወደ አውሮፕላኑ አላዩም። ያዩት ወደ ወንበሮቹ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ምክር አዘጋጅቼ ስደርስ የሚመከር ነገር አጣሁ። ቱቦዎቹ አልቀዋል። የጋለው ቱቦ እሳት የማይበላው እጅጌ ለብሶ፣ ከጭስ ማውጫው ስንዝር ያህል ርቆ፣ እንደ ወንዝ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ወርዷል። በየመያዣው ጎማ የተጎናጸፈ ማሰሪያ አለ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብሮ የሚወዛወዝበት ትርፍም ተትቶለታል። ፈርገስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለ። አየር ሊስብ አፉን ከፈተ፤ የሚስብበት ምክንያት ስላጣ መልሶ ገጠመው።

«ማን ሠራልህ?» አላቸው።

«የናንተው ምክር ነው» አሉ ሊቀ ቱቦ።

የበረራ ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ መጥቶ አየና አሳለፈው። ፋሲካ ሳይገባ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ክቡር ሊቀ ቱቦ ሜዳው ላይ የሚግጡትን በጎች በመኪና ጥሩንባ ካባረርንላቸው በኋላ ተነሡ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው አረፉ። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በነጭ ጨርቅ ብንጠርግ የዘይት ጠብታ አልነበረም። ግሌኒስ አቅፋ ሳመቻቸው፤ ሃንጋሩም ጸናላቸው። እኛ አጨበጨብን፣ ቋሊማ ጠበስን፣ ወደየቤታችን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ኮፈኑ ተዘጋ።

ቅዳሜ ሆነ። ሊቀ ቱቦ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ወንበሮቹን ደርድረው፣ ስኒዎቹን አሰልፈው፣ ማንቆርቆሪያውን ጥደው ተቀምጠዋል። ፈርገስ መጣ፤ «አምሮበታል፣ ሊንዚ!» ብሎ እጁን አውለበለበና ወደሚቀጥለው ሃንጋር አለፈ፤ እዚያ አንዱ የፍሬን ቱቦ ገልብጦ ገጥሞ ነበር። ግሌኒስም «አምሮበታል!» ብላ አለፈች። ሊቀ ቱቦ «ሻይ አለ» አሉ፤ ነገር ግን የተናገሩት ሰዎቹ ካለፉ በኋላ፣ ለስኒዎቹ በሚመስል ድምፅ ነበር። ከሃንጋሬ በር ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

ኋላ ተሻግሬ፣ «ለምን አትበርም? ወጣ ብለህ ወደ ባሕሩ ዳር እንኳ?» አልኳቸው።

«ወርጄስ? እዚያም ያሉት አምሮበታል ሊሉኝ ነው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ማዕረጉን ላንሣና ሊንዚን ሊንዚ ልበለው። ቀጥሎ ያየሁትን ነገር አንቱታ አይሸከመውም።

በተከታዩ ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ቆርቆሮው ገና ቀጭ ማለት አልጀመረም። ሊንዚ ከእኔም ቀድሟል። ኮፈኑን ነቅሎ መሬት ላይ አስቀምጧል፤ ማሰሪያዎቹን አላልቷል፤ ያንን የመሰለ ቱቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ እየጎተተ ወደ ጭስ ማውጫው ያስጠጋዋል። አስጠግቶ ሲያበቃ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አለና፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል እንደሰቀለ ሰው አንገቱን ዘመም አድርጎ ተመለከተው። አልረካም። ከመንገዱ በደንብ እንዲታይ ትንሽ ጨመረበት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ጣደ።

የሃንጋሬ በር ጥላ ውስጥ ቆሜ ያለፉትን ዓመታት መለስ ብዬ አሰብኩ። ቱቦው እንደዚያ ሆኖ ሳለ ሞተሩን አንድ ቀን እንኳ አስነሥቶ አያውቅም። በግራም በቀኝም፣ በላይም በታችም የተሳሳተው ሁሉ የተሳሳተው ለእኛ ነበር። ወተት ሌላ፣ ዘይት ሌላ!

በአጥሩ በኩል የግሌኒስ መኪና አቧራ ተነሣ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ቅዳሜ ነው፤ ያንን ቱቦ ካየች ተጎታቹን ራሷ ነበር የምታመጣው።

የእኔ አውሮፕላን ሲበር ስንት ዓመቱ ነው፤ እንከን የለውም፤ ኮፈኑም ስለተዘጋ ማን ደርሶበት ያውቃል? ካቻቢቴ አንሥቼ ኮፈኑን ነቀልኩት። በፒንሳ ማሰሪያውን አላላሁና የዘይት ቱቦዬን አውጥቼ ጭስ ማውጫው ላይ ጋደም አደረግሁት። ከዚያ ጮኽኩ።

«ሊንዚ! ያንተን ዝጋና ና! ዛሬ የእኔ ተራ ነው!»

ከዚያ ኮፈን ሲገጠም ሰማሁ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ሊንዚ ሜዳውን ተሻግሮ መጣ። ፊቴን አላየኝም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፤ ጎንበስ አለ፤ በጥርሱ መካከል አየር ሳበ፣ ስስስ።

«እኔ ብሆን እዚያ ጋ አላሳልፈውም ነበር» አለ።

«ጉድ! እንዴት እስካሁን አላየሁትም!» አልኩ።

ይኸኔ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ወዲያው፣ እግዜር ይስጣት፣ ግሌኒስ ከፈርገስ ጋር ደረሰች።

«መርቪን! አብደሃል እንዴ? ይቀቀላል እኮ!»

«ላም ብትሆን ኖሮ…» ብሎ ፈርገስ ጀመረ።

«ላምህን ተዋት! በቀኝ ነው መውጣት ያለበት» አለች ግሌኒስ።

«በግራ!» አለ ፈርገስ።

«አስተማሪ ምን ያውቃል፣ ካርታ ላይ የሣለው መስሎት ነው» አለች ግሌኒስ።

ሊንዚ ተመልሶ ሄደና ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አመጣ፤ የትራክተሩን ለግሌኒስ ሰጣት። ማንቆርቆሪያውን አመጣ። ፈርገስ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ስለ ከብት አንጀት አስተማረን። በዚያች ቀን እኔን የሰደበኝ ሰው ብዛት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካነጋገረኝ ሰው ሁሉ ይበልጣል።

ሰዉ ሲበተን ሊንዚ ቀረ። ፒንሳዬን አንሥቶ ቱቦዬን ማስተካከል ጀመረ። እጁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። ከጭስ ማውጫው አራቀው፣ ቅስቱን አስያዘው፣ የላይኛውን ማሰሪያ አጠበቀ። የታችኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ማሰሪያውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ እንዳላላሁት ተወው።

«ትንሽ ነገር ቀርታሃለች» አለኝ።

ወንበሮቹን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳሉ ትቶ፣ ፒንሳዬን ኪሱ ከትቶ፣ ደኅና ዋል ሳይለኝ ወጣ።