በበቅሎ የተለወጠው ቱቦ

ተናጋሪዎች፦ አላምረው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ባል፤ ሐረገወይን፣ «ነገር አይገባትም» እየተባለች የምትኖር ሚስቱ።

[ጎንደር፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ነገ ከተራ ነው። አላምረው ጎማም፣ መሪም፣ ኮርቻም የሌለው የቢስክሌት አጽም ከግድግዳ አስደግፎ ላቡን ይጠርጋል። ሐረገወይን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመለከተዋለች።]

ሐረገወይን፦ ተገልብጧል እልሃለሁ!

አላምረው፦ አልተገለበጠም! የእንግሊዝ ቢስክሌት አቋቋሙ እንዲህ ነው።

ሐረገወይን፦ ኮርቻው የሚገባበት ወደ መሬት ሆኖ?

አላምረው፦ እንግሊዝ ጨዋ ነው። ሰው ቤት ሲገባ አንገቱን ይደፋል።

ሐረገወይን፦ እሺ፣ ይድፋ። ነገ ከተራ ነው፤ ድሪዬን ስጠኝ።

አላምረው፦ የቱን ድሪ?

ሐረገወይን፦ እናቴ በሠርጌ ዕለት ያጠለቀችልኝን ነዋ! «አንቺ ዝርክርክ ነሽ፣ ትጥይዋለሽ» ብለህ ከሙዳዬ ያወጣኸውን። ነገ እናቴ መጥታ አንገቴን ባዶ ካየችው፣ ይዛኝ ነው ቆላ ድባ የምትመለሰው።

አላምረው፦ ድሪሽ ሌባ በሕልሙ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት አንገትሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ሐረገወይን፦ እናቴስ በምን ትምጣ? አሮጊት በእግሯ ያን ሁሉ ዳገት አትወጣ። በቅሎዋን ላክላት ብልህ፣ ታነክሳለች አልከኝ።

አላምረው፦ ታነክሳለች።

ሐረገወይን፦ ትናንት ከገበያ እየጋለብካት ስትመጣ አላነከሰችም።

አላምረው፦ አንቺ አታይውም። ማነከሷ የውስጥ ነው።

ሐረገወይን፦ ዛሬ ጠዋት ይዘሃት ወጥተህ፣ የገባኸው ግን ብረት ተሸክመህ ነው። የት ናት?

አላምረው፦ [ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ለራሱ] ድሪውን የዶሮ ቆጥ በሆነው አሮጌ ቢስክሌት ሆድ ውስጥ መደበቄን ብነግራት ኖሮ ምን ነበረበት! ሳታውቅ ብረቱን ለድስት ሻጩ ለአያ ተክለ ጊዮርጊስ በድስት ለወጠችው። እኔም ለማስመለስ በቅሎዬን አስረከብኩ። ድሪውን አውጥቼ ሙዳይዋ ውስጥ እስክመልሰው ድረስ፣ አምላኬ፣ ነገሩን አትግለጥብኝ! [ዞሮ፣ ጮክ ብሎ] በቅሎዋ ውሃ ልትጠጣ ወርዳለች።

ሐረገወይን፦ ለብቻዋ?

አላምረው፦ ጨዋ በቅሎ ናት።

ሐረገወይን፦ [ወደ ብረቱ ቀርባ] ይሄ እኮ የኛን የዶሮ ቆጥ ይመስላል። ያንን በድስት የለወጥኩትን።

አላምረው፦ ቆጥ! ምነው ሴትዮ! ያ የጣሊያን ውዳቂ ነበር። ይሄ እንግሊዝ ነው፤ ንጹሕ እንግሊዝ። እንዲህ ያለው የቢስክሌት አጽም ቴላዮ ይባላል።

ሐረገወይን፦ ቴላዮ የጣሊያን ቃል አይደለም እንዴ?

አላምረው፦ ነበር። እንግሊዝ ማርኮታል።

ሐረገወይን፦ እንግሊዝ መሆኑን በምን ለየኸው?

አላምረው፦ በድምፁ! [ቱቦውን በጣቱ ያንኳኳል] ሰማሽ? ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ያደገ ሰው ብረትን በዜማ ይለያል። የጣሊያን ቱቦ አራራይ ነው፤ ይቅለሰለሳል። ይሄ ግን ግዕዝ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማያወላዳ።

ሐረገወይን፦ [ብረቱን አንሥታ ታወዛውዘዋለች፤ ውስጡ ሽክሽክ ይላል] እንዴ! ጸናጽልም አለው።

አላምረው፦ [ደስታውን መደበቅ እያቃተው ይቀማታል] አትነቅንቂው! እንግሊዝ ቱቦ ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ፍሬ ያስቀራል። ፍሬው ከተንሿሿ ብረቱ በስሏል ማለት ነው።

ሐረገወይን፦ እንደ ደረቀ ቅል?

አላምረው፦ እንደ ደረቀ ቅል! ተመስገን፣ ዛሬ አንድ ነገር ገባሽ። አሁን ደግሞ ዳሰስ አድርጊው። የጣሊያን ቱቦ ጠፍጣፋ ብረት ተጠቅልሎ የሚሰፋ ነው። የእንግሊዝ ግን እንደ ሸምበቆ ድፍን ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ስፌት አያውቅም።

ሐረገወይን፦ [ጥፍሯን በቱቦው ላይ እየሳበች] ታዲያ ይሄ ከላይ እስከ ታች የሄደው ምንድን ነው?

አላምረው፦ ጠባሳ ነው። ዘምቷል።

ሐረገወይን፦ ይሄ ገመድ የበላውስ?

አላምረው፦ ጠመንጃ ሲያስሩበት።

ሐረገወይን፦ እኔም አውራ ዶሮውን የማስረው እዚሁ ላይ ነበር።

አላምረው፦ ታዲያ አንቺ የወታደር እጅ አለሽ ማለት ነዋ!

ሐረገወይን፦ የፊት እግሩ ለምን ተጣመመ?

አላምረው፦ የእንግሊዝ አገር መንገድ ጠመዝማዛ ነው። አስቀድመው አጣመው ይሠሩታል።

ሐረገወይን፦ የኛው የተጣመመው ካህናቱ እያዩህ ከቀሐ ድልድይ ላይ የወደቅህ ዕለት ነው።

አላምረው፦ አልወደቅሁም! ወረድኩ እንጂ።

ሐረገወይን፦ በራስህ ነው የወረድከው። ይሄ ነጭ ነጠብጣብስ?

አላምረው፦ የፋብሪካ ቀለም ነው። ጣሊያን እንዲህ ያለ ቀለም አያውቅም።

ሐረገወይን፦ [ትፍቅና ታሸታለች] ኩስ ነው።

አላምረው፦ እንግሊዝ ዶሮ የለውም ያለሽ ማን ነው? [ለስለስ ብሎ] ሐረጌ፣ የኔ ሸጋ፣ እስቲ ጎረቤታችን ይመኙሽ ቤት ሄደሽ መርፌ ተውሰሽ ነይ።

ሐረገወይን፦ ለምንህ? ስፌት አያውቅም አላልክም?

አላምረው፦ ለጋቢዬ ነው!

ሐረገወይን፦ ጋቢህ ይቆይ። እንዲህ ያለ ትምህርት ጥሎ መውጣት ነውር ነው። [ብረቱን ትገለብጠዋለች፤ የኮርቻው ቱቦ አፍ ወደ ላይ ይሆናል] ይሄ ውታፍ ምን ይሠራል?

አላምረው፦ እንግሊዝ ያገሩን አየር ቱቦው ውስጥ አሽጎ ነው የሚልከው። ብረቱ ባሕር ሲሻገር እንዳይናፍቅ።

ሐረገወይን፦ በጧፍ ሰም ነው የሚያሽገው?

አላምረው፦ ክርስቲያን ናቸው እኮ!

ሐረገወይን፦ እስቲ እንክፈተውና ያገራቸውን አየር ልሽተት።

አላምረው፦ [እያመነታ፣ ከዚያ ቆርጦ] እሺ። ግን ዓይንሽን በደንብ ጨፍኚ። የእንግሊዝ አየር የለመደውን ሰው ካላገኘ ዓይን ያቃጥላል።

[ሐረገወይን ፊቷን በመዳፏ ሸፍና በጣቶቿ መካከል ታያለች። አላምረው ውታፉን በጥርሱ ይነቅልና ቱቦውን በመዳፉ ላይ ይደፋዋል። የተቆላ ሽምብራ ይፈስሳል። ይነቀንቀዋል፤ ሽምብራ። ባንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ባዶ።]

አላምረው፦ ሽምብራ!

ሐረገወይን፦ [እንደ ተሸፈነች] ፍሬው ይሆናላ። በስሏል?

አላምረው፦ ድሪው የታለ?

ሐረገወይን፦ የቱ ድሪ?

አላምረው፦ የደበቅሁት! በእጄ ከትቼ፣ በእጄ ወትፌ፣ በሰም ያሸግሁት!

ሐረገወይን፦ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄደህ?

[አላምረው ሽምብራው መካከል ቁጭ ይላል። ሐረገወይን ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ ታደርጋለች፤ ድሪው ያበራል።]

አላምረው፦ አንገትሽ ላይ!

ሐረገወይን፦ ነገ ጠዋት ታገኚዋለሽ ብለህ አልነበር? እኔ ትንሽ ቸኮልኩ። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ በወጡ ቁጥር ሽክሽክ እያለባቸው መተኛት አቃታቸው። ውታፉን ነቅዬ ባየው የእናቴ ድሪ! ድሪውን አወጣሁና በምትኩ ሽምብራ ጨምሬ፣ ሰሙን መልሼ አሸግሁት።

አላምረው፦ ድሪውን ካገኘሽ፣ ብረቱን ለአያ ተክለ ጊዮርጊስ ለምን ሰጠሽ?

ሐረገወይን፦ «ባሌ ይህን ብረት እያለከለከ ሊፈልገው ይመጣል፤ ከበቅሎዋ በታች እንዳይለቁለት» ብዬ አደራ ጣልኩባቸው።

አላምረው፦ ታዲያ ለዚህ ነዋ ዋጋ ስንነጋገር ሰውዬው በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው የነበሩት! እኔ ጥርሳቸውን አሟቸው መስሎኝ… በቅሎዬን! ለዘለዓለም?

ሐረገወይን፦ ለዘለዓለምማ ምን ታደርግላቸዋለች? እስከ ነገ ነው። አሁን ወደ ቆላ ድባ እየሳቧት ይወርዳሉ። ነገ እናቴን በክብር አስቀምጠው፣ ታቦት ሳይወርድ ቀሐ ያደርሱልኛል። ከዚያ በኋላ ስጡኝ ስትላቸው ይመልሱልሃል። ድስቱ ግን የኔ ነው።

አላምረው፦ በቅሎዋ እኮ ታነክሳለች!

ሐረገወይን፦ የውስጥ ነው ብለሃል። እናቴ አታየውም።

አላምረው፦ እኔስ ነገ በምን ልውረድ? አማቴ በበቅሎዬ ተቀምጣ፣ እኔ በእግሬ?

ሐረገወይን፦ አንተማ ቢስክሌት አለህ።

አላምረው፦ ጎማ የለውም!

ሐረገወይን፦ ትሸከመዋለሃ። ብቻ እናቴ ፊት ስትደርስ…

አላምረው፦ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ እንዳልገለብጠው።

ሐረገወይን፦ ኧረ ገልብጠው! እንግሊዝ ጨዋ አይደል? አንገቱን ይድፋላት፤ አንተም አብረኸው።