ክቡር ፕሮፌሰርና የልብስ ሜትራቸው

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጫማቸው ላይ ነው፤ ማሰሪያ የለውም። ወደ ታች ማየት ለተሳነው ሰው ማሰሪያ ምን ያደርግለታል?

በየትኛውም ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ማንም ያልሾመው አንድ ሐኪም አይጠፋም። የሰው የራጅ ፊልም ነጥቆ ወደ መስኮቱ ያነሳል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይፈርዳል። እኔ ፊልም በማትምበት ክፍል ደጃፍ ሹመቱን የያዙት ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ ሥራቸው ልብስ ስፌት ነበር።

«ይሄ ጉልበት አልቆለታል» ይላሉ።

«አባባ፣ ትከሻ ነው እኮ!» ይላቸዋል የፊልሙ ባለቤት።

«እንግዲያው ትከሻውም አልቆለታል።»

የራሳቸው በሽታ ፓርኪንሰን ይመስላል፤ አይደለም። ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ ብርቅ ነገር ነው፤ «የእኔ እንደ እናንተ ተራ አይደለም» እያሉ ይኮሩበታል። ዓይናቸውን ወደ ታች አያወርድላቸውም፣ ሳያስጠነቅቅ ወደ ኋላ ይጥላቸዋል። በየስድስት ወሩ የአንጎል ምስል ይነሳሉ። የአንጎላቸው መሐል ከጎን ሲታይ ወፍ ይመስላል፤ የወፏ ራስ በሳሳ ቁጥር በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ወፍ! ይህን የሰማሁ ሳምንት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሐኪሞቹ ወፏን በኮምፒውተር ይለካሉ። ፕሮፌሰር ግን ከአንገታቸው በማይለየው የልብስ ሜትር ነው።

ባለፈው ዓርብ አዲሱንና አሮጌውን ፊልም መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አስደገፉ። እንዳይወድቁ ሁልጊዜ ከኋላቸው የምትቆመው ልጃቸው ትንፋሿን ዋጠች። ለኩ። ደግመው ለኩ።

«ሁለት ሚሊ ወፍራለች!»

መጠበቂያ ክፍሉ አጨበጨበ። ልጅየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

እኔ ክው አልኩ። ለእሳቸው ዓይን እንዲመች ብዬ አዲሱን ምስል አጉልቼ ያተምኩት እኔ ነኝ። ልጅየዋ ቀጠሮ ልታስይዝ ስትሄድ ጠጋ አልኳቸው።

«አባባ፣ ይቅር በሉኝ። ፊልሙን አጉልቼ ስላተምኩት ነው እንጂ…»

«ቀስ በል!» አሉኝ። «አርባ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል? ወፏ ብቻ መሰለችህ የሰፋችው? ፊልሙ ላይ ጭንቅላቴም ሰፍቷል፤ ባርኔጣዬ ግን ያው ነው። በልኩ ካሰብከው ከስታለች።»

በፊልም ላይ ፈርደው ትክክል ሆነው ሲገኙ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታዲያ ለምን…?»

«እውነቱን ሐኪሙ ሰኞ ይነግራታል። ይቺ ልጅ ስንት ወር ነው ደህና እንቅልፍ ያልተኛችው። ቅዳሜና እሁድን ትተኛበት።»

ልጃቸው የቀጠሮ ካርዱን ይዛ ተመለሰች። ፕሮፌሰር ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «አንተ ልጅ! የሚቀጥለውንም እንደዚሁ ጥርት አድርገህ አትምልኝ፤ አደራ!»

ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ወለሉን አንዴም ሳያዩ፣ በረጅሙ ኮሪደር ሄዱ። ልጃቸው ኮት ልታለብሳቸው የያዘች ይመስል ሁለት እጇን ዘርግታ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች።