ልዕልት ቤሪል ሥጋ የለበሰችበት ዜና

ጎርፉ የዓሣ አጥማጆች ክበብን አጥር ነቅሎ ወደ ባሕር በወሰደ በአምስተኛው ዓመት፣ ባለ ሰፊው ባርኔጣ፣ ወንዙን ከነአዞው የሚያውቁት ኖርማን ትረስኮት ሸንኮራ አገዳ የሚያጓጉዘውን ባቡር ለወጣት አስረክበው በዘመነ ጡረታ በነገሡ በሦስተኛው፣ በወርኀ የካቲት፣ ሙቀቱ ሸሚዝን ከጀርባ ጋር ባጣበቀበት ሰሞን የተጀመረውን ግብረ ኀያላን እንጽፋለን። የምንጽፈውም እኛ የክበቡ ጸሐፊ፣ ነገሩን በዓይናችን ያየን፣ በእጃችንም ያልተፈቀደውን ክዳን ያነሣን ነን። የሚስቅ ይሳቅ። ነገሥታት አገር ሲያቀኑ የሚጽፍላቸው አያጡም፤ የከሳ ዘንዶ ላወፈረ ሰው ግን እኛ ካልጻፍንለት ማን ይጽፍለታል?

ወይዘሮ ሎሬል ማክፊ የኖርማን ጎረቤት ናቸው። ሟቹ ባላቸው ዴስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤሪል የምትባለውን ዘንዶ እርሳስ ከምታክልበት ጊዜ ጀምሮ አሳድጎ፣ የክሪኬት ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲያይ በትከሻው ላይ እየጠመጠማት፣ ከሁለት ሜትር በላይ አድርሷት ነበር። ዴስ ሞተ። ቀጥሎ ወይዘሮ ሎሬል ራሳቸው ታመሙ፤ ሕመሙም ጠንቶ አልጋ ላይ ባዋላቸው ወራት ቤሪልን የሚያበላት ጠፋ። ሩቅ ወዳለው የብሪዝበን ከተማ ሆስፒታል የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ፣ በመስኮቱ ብቅ ብለው ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ኖርም፣ ስማኝ። እኔ ስተኛ እሷም ጦሟን ዋለች፤ አጥንቷ ወጥቷል። ቤቱ ቢቃጠል ግድ የለኝም፤ ቤሪልን ግን ስመጣ ወፍራ ላግኛት። ከዴስ የቀረችኝ እሷ ናት።»

ኖርማን ትረስኮትም፣ አዞ ጀልባቸውን ሲገፋ ቢራቸውን ከእጃቸው ያላስቀመጡ ጀግና፣ ነገር ግን እባብ በዕድሜያቸው ነክተው የማያውቁ፣ በታላቅ ድምፅ መለሱ፦

«አንቺ ብቻ ዳኚ! የእሷን ነገር ለእኔ ተዪው!»

መኪናው ከታጠፈ በኋላ ግን አጥሩን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ወእምዝ ልዕልት ቤሪል ከነመስታወት ቤቷ በአራት ሰው ሸክም ወደ ኖርማን ግቢ ተሻገረች። ስናያት አዘንን። ክብ መሆን የሚገባው ገላዋ እንደ ቤት ጣሪያ ከላይ ሾሏል፤ በጎንና በጎኗም ቆዳዋ የትልቅ ሰው ካልሲ እንዳጠለቀ ሕፃን እግር ተጨማዷል። የኖርማን ቤት እንደ መንደሩ ቤት ሁሉ በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆመ ነውና፣ ከሥሩ ባለው ጥላ፣ ከቢራው ፍሪጅ አጠገብ አሳረፏት። ያ ስፍራ የኖርማን አደባባይ ነው። በዚያ በቀኝ የሚቀመጠው ባዝ ኦሻነሲ ነው፣ ባለ ጀልባው፣ ባመለጡት ዓሦች ርዝመት የታወቀ፤ በግራ ሁለቱ ኮሊኖች፣ ረጅሙ ኮሊንና አጭሩ ኮሊን፣ ምንም እንኳ ቁመታቸው አንድ ቢሆን፤ ከእነርሱም ቀጥሎ እኛ ጸሐፊው፤ ከሁሉም ኋላ፣ በደረጃው ጫፍ ላይ፣ ከቤሪል መምጣት ወዲህ መሬት ያልረገጠው ውሻ ስክራፕስ።

ጀግናው የመጀመሪያውን ዘመቻ ሳይውሉ ሳያድሩ ከፈቱ። ለከሳ ብዙ ነው የሚሰጠው ብለው፣ ከሱቅ ለእባብ ምግብነት በበረዶ የሚሸጡትን የሞቱ አይጦች ትልቅ ትልቁን መርጠው ገዙ፤ በወንዙ ዳር ሁሉ ስሙ በሚጠራው ፍሪዘራቸውም፣ ለመንጠቆ በተቀመጡት፣ ሽታቸው በሚከብድ የባሕር ፍጥረቶች፣ በሽሪምፕና በስኩዊድ መካከል አኖሯቸው። አንዱንም አቅልጠውና አሙቀው፣ ሁለት የምድጃ ጓንት ደራርበው፣ በረጅም መቆንጠጫ አቀረቡላት። እኛም አራታችን፣ ውሻው ከደረጃው ሆኖ ሲያይ፣ አንገታችንን አስግገን፣ እስትንፋሳችን መስታወቱን እስኪያጨልመው ተመለከትን። ልዕልቲቱ ምላሷን አወጣች፤ አስገባች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። በዚህ ጊዜ ባዝ ኦሻነሲ ተነሥቶ አወጀ፦

«ኖርም፣ እኛ ብቻ ነን ያንተን ምግብ የማንችለው ብዬ ነበር፤ ለካ እባብም አይችለውም!»

ሣቅን። በሚቀጥለው ሳምንትም አልበላችም፤ አሁንም ሣቅን፣ ግን ያነሰ። በሦስተኛው ማንም አልሣቀም። ከዚያ በኋላ ፍቅራችን በዛ። ቢራ ሊያወጣ የሄደ ሁሉ «እስቲ ዛሬስ?» እያለ ክዳኑን ያነሣል፤ የፍሪጁ በር በተዘጋ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ረጅሙ ኮሊን ጣቱን እያንኳኳ ያባብላታል፤ አጭሩ ኮሊን እያወጣ ሆዷን ይዳስሳል። ለከተማ ከበባ የመጣ ጦር እንኳ እንደኛ አላስጨነቀም። እርሷም ቀን በቀን ቀጠነች።

የጀግናውን ጭንቀት ያበዛው ግን ስልኩ ነበር። በየእሑዱ ወይዘሮ ሎሬል ከሆስፒታል አልጋቸው ደውለው «በላች?» ይላሉ። ኖርማንም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ምን መብላት ብቻ! ልትበላኝም ምንም አልቀራት!» ብለው ያውጃሉ። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው አመድ ይመስላል። አንድ እሑድ ስልኩን ዘግተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያን ባርኔጣ ሲያወልቁ ከዴስ ቀብር ወዲህ አላየናቸውም። እንዲህም አሉ፦

«ይቺ እንስሳ በእጄ ከሞተች፣ ለዚያች ሴት ምን ብዬ ነው የምነግራት? እሷም ተስፋ ትቆርጣለች።»

በማግስቱ ታላቁ ግብር ተፈጸመ። እባብ ነክተው የማያውቁት ኖርማን ትረስኮት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን በመስታወቱ ቤት ውስጥ ከተቱ፤ ልዕልቲቱንም አቅፈው አወጡ፤ በትራስ ልብስ ውስጥ አስገብተው፣ አፉን ቋጥረው፣ አንድ አይጥም በበረዶ ሳጥን ይዘው፣ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ሊንደል ነዱ። ዶክተሯም የቤሪልን አፍ ከፍታ አየች፤ ቆዳዋን በአጉሊ መነጽር መረመረች፤ ሆዷን ዳሰሰች፤ ሕመም አላገኘችም። ከዚያም አይጡን እንዲያሳዩአት ጠየቀች። አንሥታ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«ኖርም፣ ይሄ አይጥ እኮ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይላል!» ስትል አወጀች። «የት ነው የሚያስቀምጡት? ከዓሣ ማጥመጃው ጋር? ኧረ በፈጠረዎት! እባብ በምላሷ ነው የምታሸተው፤ እሷ አይጥ እየጠበቀች የባሕር ገበያ ነው የሚያመጡላት!»

ሁሉን ከጠየቀቻቸው በኋላም፣ እያንዳንዱን ቃል ከነሥልጣኑ የመዘገብነውን ይህን ሕግ ደነገገች፦

«ለማወፈር አይቸኩሉ። ትንሽ ትንሹን አይጥ፣ በየሳምንቱ፤ ትልቅ ካጎረሷት ትተፋዋለች፣ ጭራሽ ይብስባታል። ቦታው ይሙቅላት። የምትደበቅበት ሳጥን ይስጧት፤ መስታወቱን በጨርቅ ይሸፍኑት። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን ማንም አይንካት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚያን ጓደኞችዎን ያባርሩልኝ! ማን ነው ሰው እያፈጠጠበት የሚበላ?»

ኖርማን ሕጉን ተሸክመው እንደተመለሱ መንግሥታቸውን ገለበጡ። ልዕልቲቱ ወደ ላይ፣ ወደ ራሳቸው መኝታ ክፍል ወጣች፤ ሳጥንና የዴስ አሮጌ ብርድ ልብስ ተሰጣት። አዳዲስ ትናንሽ አይጦች በወጥ ቤቱ ፍሪዘር ነገሡ። በዚያ የነበሩት፣ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረባቸው ፓዮች ግን ወደ ሽሪምፑ ፍሪዘር ተሰደዱ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ዓሣ ዓሣ የሚል ፓይ በላን፤ ይህንንም የሠራዊቱ መሥዋዕትነት ብለን እንመዘግባለን። ጀግናውም በደረጃው ላይ ቆመው አወጁ፦

«ስሙኝ! ደረጃውን የሚወጣ፣ ክዳን የሚያነሣ፣ ‹በላች ወይ?› የሚለኝ ሰው፣ ቢራ የለውም! ባዝ፣ አንተን ነው!»

አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አላያትም። ኖርማን ራሳቸው ሳሎን ባለው ሶፋ ላይ ተኙ። ሳምንቱ በሞላ ጊዜ፣ ፀሐይ ከሸንኮራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ ትንሽ አይጥ አሙቀው በመቆንጠጫ ይዘው ብቻቸውን ገቡ። እኛ ከቤቱ ሥር ወንበራችን ላይ ጣሪያውን እያየን ነበር። ድንገት ከላይ ጩኸት ተሰማ፤ ስክራፕስም ደንግጦ ከደረጃው ወድቆ፣ ከቤሪል መምጣት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ረገጠ። ረጅሙ ኮሊን «በላችው!» አለ፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገለጸም። ወዲያው ኖርማን በበሩ ብቅ አሉ፤ ባርኔጣቸው ተጣሟል፤ እንባቸውም ወርዷል። በሹክሹክታም አወጁ፦

«ወሰደችው! ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው! ዝም በሉ፣ እየዋጠች ነው!»

ሕጉ ጩኸት ስለከለከለ ደስታችንን ያለ ድምፅ ገለጥን። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን ወረወረ፤ ሁለቱ ኮሊኖች ተቃቀፉ፤ ባዝ ኦሻነሲም ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዙሮ ያለ ምንም ምክንያት ቢራ ሲፈልግ ቆየ። በዚያው እሑድ ስልኩ ሲጠራ፣ ኖርማን ገና ሳይጠየቁ «በላች! ሎሬል፣ በላች!» ብለው ጮኹ፤ ቀድሞ ሲናገሩት የኖሩትን እንደ አዲስ ወሬ መናገራቸውን እንኳ ልብ አላሉም።

ሸንኮራው ታጨደ፤ ባቡሩ ሌት ተቀን ጮኸ፤ ልዕልቲቱ በየሳምንቱ በላች። አይጦቹም ቀስ በቀስ ከፍ ከፍ አሉ። በየወሩ በትራስ ልብስ አድርገን የክበቡ የዓሣ ሚዛን ላይ እንሰቅላታለን፤ ያ ሚዛን ስንት ትልልቅ ዓሣ አይቷል፣ እንደ እርሷ ያስጨበጨበን ግን የለም። የጀርባዋ ሹል ቀስ እያለ ሰጠመ፤ የጎኗ መጨማደድ ጠፋ፤ ወርቃማው ዝንጉርጉሯ አበራ። ለጥቅምት ጥቂት ሲቀር ዶክተር ሊንደል አይታ «በቃ! ከዚህ በላይ እንዳያወፍሯት!» ብላ አወጀች፤ ኖርማንም ይህን እንደ ዘውድ ተቀበሉት።

በዚያው ሰሞን የወይዘሮ ሎሬል መኪና ተመለሰች። እኛም ፀጉራችንን አበጥረን ተሰልፈን ነበር። በሩ ተከፍቶ የወጡት ወይዘሮ ሎሬል ግን ከሄዱት ግማሽ ነበሩ። ቀሚሳቸው ተንጠልጥሎባቸዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል። ለማንም ሰላም ሳይሉ የኖርማንን ደረጃ እያረፉ እያረፉ ወጡ፤ ጨርቁን ገለጡ፤ ቤሪልን ሊያነሷት ሞክረው ክብደቷ አቃታቸውና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። እርሷም ራሷ እየተሳበች መጥታ እንደ ዴስ ጊዜ በትከሻቸው ዙሪያ ተጠመጠመች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሎሬል አወጁ፦

«አንተ ውሸታም ሽማግሌ! እነዚያን ሁሉ ሳምንት ስትዋሸኝ የማላውቅ መሰለህ? ድምፅህ እኮ ይናገር ነበር። የሚያመጡልኝን ምግብ እመልሰው ነበር፤ ‹እሷም እምቢ ብላለች፣ እኔም እምቢ› እያልኩ። ‹በላች› ብለህ የጮህክ ቀን ግን ነርሷን ጠርቼ ሾርባዬን መልሺልኝ አልኳት።»

ኖርማን ትረስኮትም ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ይመለከቱ ጀመር።

መንደሩ ግን በማግስቱ ተነሣ። ላዛኛ በትሪ፣ የበግ ጥብስ በድስት፣ ኬክ በሁለት እጅ ተሸክሞ ወይዘሮ ሎሬልን በአንድ ቀን ሊያወፍር በአጥራቸው ተሰለፈ፤ ገሚሱም በመስኮት አሻግሮ «ትንሽ ቀመሰች?» ይላል። በዚህ ጊዜ ኖርማን ትረስኮት የምድጃ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ መጥተው በበሩ ላይ ቆሙ፤ የመጨረሻውንና ታላቁን አዋጅም አወጁ፦

«ተመለሱ! ትንሽ ትንሽ ነው የምትበላው! ትልቅ ካጎረሳችኋት ትተፋዋለች! መጋረጃው ይዘጋ! ከበላች በኋላ ሁለት ቀን ማንም አያቅፋት! ባዝ፣ ከመስኮቱ ውረድ!»

ከውስጥም ድምፅ መጣ፦ «ኖርም! እኔ እባብ ነኝ እንዴ?»

ሕዝቡ ግን ተበተነ። ጀግናው በራሳቸው እጅ የሠሩትን ሾርባ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አሙቀው አስገቡ፤ በሩንም ዘግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ አዋጅ ወጣ፦

«ይሄ ሾርባ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይላል!»

ኖርማን ዘወር ብለው አላዩም፤ ሕጉን ያውቃሉና።

እንግዲህ ክብር ለኖርማን ትረስኮት፣ ለሸንኮራው ባቡር ነጂ፣ ለሁለቱ ጓንት ጌታ፣ ዘንዶን በእቅፍ ላወጡ፣ ወዳጅን በቢራ ክልከላ ለገሠጹ፣ ውሸታቸውን በአይጥ እውነት ላደረጉ፤ ስማቸው ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ይጻፍ፤ ለዘመነ ጡረታቸውም ፍጻሜ አይሁንለት። እኛም ጸሐፊው ይህን የምንመሰክረው በዓይናችን ስላየን ነው፤ በዚያ ምሽት ሳህኑን ከበሩ ሥር ያነሣነው እኛ ነን፣ ተጠራርጎ ተበልቶ ነበር።